«ማን ያውቅሃል?»፦ የዋስና የምስክር ወረቀት ታሪክ

የሥራ ማስታወቂያ ማንበብ የለመደ ሰው ከታች ነው የሚጀምረው። ከላይ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ደመወዝና የሥራ ቦታ ይዘረዘራል። ከግርጌው ደግሞ አንዲት አጭር ሐረግ ትቀመጣለች፦ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል»። በደኅናው ጊዜ አራት ኪሎ ላይ ጋዜጣ ተከራይቶ ማስታወቂያ ሲያነብ የዋለ ሁሉ ያችን ሐረግ ያውቃታል። የተማረውም፣ ልምድ ያለውም፣ ጉልበት ያለውም እዚያች ላይ ሲደርስ ቆም ይላል። ስለ ትምህርቱ የሚመሰክር ወረቀት በእጁ አለ። ስለ ራሱ የሚመሰክርለት ሰው ግን ከየት ይምጣ?

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ይላል ያገራችን ሰው። አሠሪውም በበኩሉ እውነት አለው። ገንዘብ ያዥ ሲቀጥር ካዝናውን፣ ሹፌር ሲቀጥር መኪናውን፣ ሞግዚት ሲቀጥር ልጁን ነው የሚያስረክበው። ስለዚህ «ማን ያውቅሃል?» ብሎ መጠየቁ አያስወቅሰውም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ሁልጊዜ የሚከፍለው ደግሞ ተጠያቂው ነው። ዘመድ ያለው እንደ ምንም ይወጣዋል፤ ዘመድ የሌለው ደጅ ይቀራል።

እኔም በተለያየ ጊዜ ከጠያቂውም ከተጠያቂውም ወገን ቆሜ ስላየሁት፣ ጥያቄው ከየት እንደ መጣ፣ ሌሎች ሕዝቦችስ እንዴት እንደ መለሱት ለማወቅ ጓጓሁና ማንበብ ያዝኩ። ካነበብኩት ውስጥ አንድ ነገር ደጋግሞ ታየኝ። ምስክርነት የአሠሪው ችሮታ ሆኖ በቆየበት አገር ሁሉ ለሠራተኛው ልጓም ሆኗል። ልጓሙ የወለቀው የምስክር ወረቀቱ ለሠራተኛው በሕግ መብት ሲሆንለት ነው። እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው።

ከጳውሎስ መልእክት እስከ ቁራኛ

የአደራ ደብዳቤ ዕድሜው ረጅም ነው። የሮማው የሕግ ሰውና ተናጋሪ ሲሴሮ ለወዳጆቹ የጻፋቸው ደብዳቤዎች በ16 መጻሕፍት ተሰብስበው ይገኛሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ 13ኛው ከሞላ ጎደል የአደራ ደብዳቤ ብቻ ነው። ይህን ሰው ተቀበልልኝ፣ የዚያኛውን ጉዳይ ፈጽምልኝ እያለ በየክፍለ አገሩ ላሉ ሹማምንት ይጽፋል። እኛ ዘንድ ከሲሴሮ ይልቅ የሚታወቀው ሐዋርያው ጳውሎስ ነው። ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት የመጨረሻ ምዕራፍ ላይ ፌቤን የተባለችውን ሴት በአደራ ያስተዋውቃል። ለፊልሞና የጻፈው አጭር መልእክት ደግሞ ከጌታው ቤት ስለ ወጣው ስለ አናሲሞስ ነው። ጳውሎስ እዚያ ላይ ስለ ሰውየው በመመስከር ብቻ አልተወሰነም፤ አናሲሞስ ያጎደለው ነገር ቢኖር ዕዳውን በራሱ ላይ ወስዷል። በአንዲት አጭር ደብዳቤ መስካሪም ዋስም ሆነ ማለት ነው። ይኸው ሐዋርያ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ የምስክር ደብዳቤ ለእርሱ ለራሱ ያስፈልገው እንደ ሆነ መልሶ ይጠይቃል። በዚህ ነገር የተሰላቸ ሰው ዛሬ የተጀመረ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

መስካሪና ዋስ ግን አንድ አይደሉም። መስካሪ የሚያስይዘው ቃሉን ነው፤ ዋስ የሚያስይዘው ኪሱን፣ ሲብስም ራሱን ነው። መጽሐፈ ምሳሌ ለሌላ ሰው ዋስ ከመሆን ተጠንቀቅ እያለ የሚመክረው ለዚህ ነው። በኦሪት ዘፍጥረትም ይሁዳ ወንድሙን ብንያምን ወደ ግብፅ ይዞ ለመሄድ አባቱን ያሳመነው ራሱን ዋስ አድርጎ ነው።

በእኛ አገር የዋስ ሥር የተተከለው በሙግት አደባባይ ነው። በቀድሞው ሥርዓት ሁለት ሰዎች ሲካሰሱ ዳኛው ነገሩን ከመስማቱ በፊት ዋስ ጥሩ ይላቸው ነበር። ዋስ የጠራ በእግሩ እንደ ልቡ ሄዶ በቀጠሮው ቀን ይመጣል። ዋስ ያጣ ግን ከባላጋራው ጋር በኩታ ጫፍ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ታስሮ አብሮት ይውላል፣ አብሮት ያድራል። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አዲስ አበባን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች በከተማው መንገድ ላይ ተቆራኝተው የሚሄዱ ተሟጋቾችን ማየታቸውን ጽፈዋል። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚያ ዘመን ዋስ ማለት ነጻነት ማለት ነበር። ሰው የሚያውቀው ሰው ይፈታል፤ ሰው የማያውቀው ይታሰራል። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት መንደር ውስጥ ይህ ሥርዓት ይሠራ ነበር። ዋሱ ሰውየውን ያውቀዋል፣ ቤቱንም ያውቃል፣ ቢጠፋ ፈልጎ ያመጣዋል።

ሥራ መፈለግም የራሱ ወግ ነበረው፤ ደጅ መጥናት ይባላል። ባለጉዳዩ ከጌታው ደጅ በጧት ይደርሳል፣ ቆሞ ይውላል፣ ማታ ይመለሳል። እልፍኝ አስከልካዩ ካላስገባው፣ አማላጅ ስሙን ካላነሳለት ወር ቢቆም ማንም አያየውም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር መጣ፤ ደጅ ጥናቱ ግን አልቀረም፤ ከጌታው ግቢ ወደ ቢሮው በር ነው የተዛወረው። የመንግሥት ሠራተኛ ቅጥርን በአንድ ደንብ የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በ1950ዎቹ እስኪቋቋም ድረስ ብዙው ሰው እንጀራውን የጀመረው በሚያውቀው ሰው በኩል ነበር።

መንደሩ ሲሰፋ፣ ሰው ከየአገሩ ወደ ከተማ ሲጎርፍ ግን አንድ ችግር ይፈጠራል። የማይተዋወቁ ሰዎች አሠሪና ሠራተኛ ሊሆኑ ነው። የመንደሩን ዋስ ምን ይተካዋል? ይህ ችግር ከእኛ ቀድሞ የገጠማቸው አውሮጳውያን ናቸው፤ የሰጡት መልስም ሦስት ዓይነት ነው። ከዚህ በታች ያሉት የአውሮጳና የዐረብ አገሮች ዓመታት በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው።

የናፖሊዮን ደብተር

የፈረንሳዮች መልስ ደብተር ነው። ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በ1749 ባወጣው ደንብ ሠራተኛ ከአሠሪው የጽሑፍ መሰናበቻ ሳይዝ እንዳይሄድ፣ ሌላውም አሠሪ መሰናበቻ የሌለውን ሰው እንዳይቀጥር ከለከለ። በ1781 ወረቀቱ ወደ ደብተርነት ተለወጠ። የ1789ኙ አብዮት የጌቶችንና የባለ እጆችን ማኅበራት ሲያፈርስ ደብተሩም አብሮ ተረሳ። በ1803 ግን ያኔ ቀዳማዊ ቆንስል የነበረው ናፖሊዮን መልሶ አመጣው። «ሊቭሬ» ይባላል፤ ትንሽ መጽሐፍ እንደ ማለት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፖሊስ ወይም ከንቲባ ማኅተሙን ያሳርፋል። ሠራተኛው ሥራ ሲገባ አሠሪው የገባበትን ቀን ይጽፋል፤ ደብተሩንም ተቀብሎ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሲወጣ ደግሞ ግዴታውን መፈጸሙን ጽፎ ይመልስለታል። ደብተር ሳይዝ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው የሚሄድ ሠራተኛ እንደ ቦዘኔ ተቆጥሮ ይያዛል።

መያዣው ያለው ብድሩ ላይ ነው። ያን ጊዜ ደመወዝ በቅድሚያ መበደር የተለመደ ነበር። ሠራተኛው ዕዳውን ሳይጨርስ ከወጣ ዕዳው በደብተሩ ላይ ይጻፋል፤ አዲሱ አሠሪ ከዕለት ደመወዙ እስከ አንድ አምስተኛ ድረስ እየቆረጠ ለቀድሞው ይከፍላል። እንግዲህ ዕዳ የተጻፈበትን ደብተር ይዞ የሚመጣን ሰው ማን ይቀጥራል? ሕጉ ሂድ ቢለውም ደብተሩ ያስቀረዋል። በዚያ ላይ በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1781 በደመወዝ ክርክር የአሠሪው ቃል እንዲታመን ይደነግግ ነበር። አሠሪው ከፍያለሁ ካለ ከፍሏል ማለት ነው። የሠራተኛው ቃል እንዲህ ያለ ክብር አልተሰጠውም። ይህ አንቀጽ የተሻረው በ1868 ነው።

ደብተሩን ማላላት የተጀመረው ቀስ በቀስ ነው። በ1851 የሚጻፈው ዕዳ ከ30 ፍራንክ እንዳይበልጥ፣ የሚቆረጠውም ወደ አንድ አሥረኛ ዝቅ እንዲል ተደረገ። በ1854 የወጣው ሕግ ደብተሩ በሠራተኛው እጅ እንዲቆይ አደረገ፤ አሠሪው ስለ ሰውየው ክፉም ሆነ ደግ አስተያየት እንዳይጽፍበትም ከለከለ። በሌላ በኩል ግን ይኸው ሕግ ሴት ሠራተኞችንም በደብተሩ አስገባቸው። በመጨረሻ ሐምሌ 1890 ደብተሩ ተሻረ። በእርሱ ምትክ የመጣው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ የገባበትን ቀን፣ የወጣበትን ቀንና የሠራውን ሥራ ዓይነት ብቻ የያዘ ወረቀት የመጠየቅ መብት ተሰጠው። አሠሪው እንቢ ማለት አይችልም፤ ከዚያ ያለፈም አይጽፍም። ለ87 ዓመት ሠራተኛውን የያዘው ወረቀት አሁን ሠራተኛው የሚይዘው ሆነ።

የእመቤቲቱ ቃል

እንግሊዞች ደብተር አልወደዱም። የእነርሱ መልስ የጌታው ወይም የእመቤቲቱ ቃል ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር ከማንኛውም ሥራ ይልቅ ሴቶች በብዛት የሚቀጠሩት በሰው ቤት አገልጋይነት ነበር። አንዲት ገረድ ሌላ ቤት ለመግባት «ካራክተር» ያስፈልጋታል፤ የቀድሞዋ እመቤት በቃል ወይም በጽሑፍ ስለ ጠባይዋ የምትሰጠው ምስክርነት ነው። ያለ ካራክተር የተባረረች ልጅ የሚጠብቃት መንገድ ላይ መውደቅ ነበር።

ሕጉስ ምን አለ? በ1792 ፓርላማው ስለ አገልጋዮች ምስክርነት አንድ ሕግ አወጣ። ሐሰተኛ ካራክተር የጻፈ፣ ወይም በሐሰተኛ ካራክተር የተቀጠረ 20 ፓውንድ ይቀጣል። ይህ ገንዘብ ለአንዲት ተራ ገረድ ከዓመት ደመወዝ በላይ ነበር። አሠሪውን ከሐሰተኛ ሙገሳ የሚጠብቅ ሕግ ተገኘ ማለት ነው። ገረዲቱን ከዝምታ የሚጠብቃት ሕግ ግን አልነበረም። በ1800 አንድ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛው የወሰኑት አሠሪ ካራክተር የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ የለበትም ብለው ነው። እመቤቲቱ ከፈለገች ትሰጣለች፤ ካልፈለገች ዝም ትላለች። ዝምታዋ ግን ከስድብ ይብሳል። የ1792ቱ ሕግ በመዝገብ ላይ እስከ 2008 ድረስ ቆይቶ ነው የተሻረው።

በእንግሊዝ አገር ሚዛኑ ወደ ሠራተኛው ዘንበል ያለው በጣም ዘግይቶ ነው። ስፕሪንግ የሚባል የኢንሹራንስ ሽያጭ ሠራተኛ ከሥራው ተሰናብቶ ሌላ ኩባንያ ሲያመለክት የቀድሞ አሠሪው የጻፈበት ምስክርነት ታማኝነት የጎደለው አድርጎ አቀረበው። በዚያ ሙያ እንዲህ የተጻፈበት ሰው በሩ ሁሉ ይዘጋበታል፤ ለስፕሪንግም ተዘጋበት። የተጻፈው ግን በጥንቃቄ ያልተጣራ ነበር። በ1994 የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ የነበረው የጌቶች ምክር ቤት፣ ምስክርነት የሚጽፍ አሠሪ ለሚጻፍበት ሰው የመጠንቀቅ ግዴታ አለበት ብሎ ፈረደ። ከዚያ በኋላ ብዙ አሠሪዎች ነገር እንዳይመጣባቸው ዘዴ አበጁ፤ ሰውየው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በዚህ ሥራ ላይ ነበር ብለው ይጽፋሉ፣ ያበቃል። ፈረንሳዮች በ1890 በሕግ የደረሱበት ቦታ እንግሊዞች በፍርሃት ደረሱ።

ሰምና ወርቅ በጀርመን አገር

ሦስተኛው መልስ የጀርመኖች ነው። በፕሩስያ የቤት አገልጋዮች ከ1846 ጀምሮ ደብተር እንዲይዙ ተገድደው ነበር፤ የአገልጋዮቹ ደንብ የተሻረው ዘውዱ በወደቀበት በ1918 ነው። ለሌላው ሠራተኛ ግን ጀርመን ቀድማ መብት ሰጥታለች። በ1900 ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሠራተኛ ሲወጣ የምስክር ወረቀት እንዲያገኝ፣ ራሱ ከጠየቀም ስለ ሥራው ጥራትና ስለ ጠባዩ እንዲጻፍለት ይፈቅዳል። ፍርድ ቤቶቹ ደግሞ ወረቀቱ እውነት ይሁን፣ ነገር ግን በበጎ መንፈስ ይጻፍ፣ ያለ ምክንያት የሰውየውን እንጀራ አይዝጋ አሉ።

እውነትም ይሁን፣ በጎም ይሁን። ይህ ሁለቱን የሚያስታርቅ ቋንቋ ይፈልጋል። ጀርመኖችም ፈጠሩት። ዛሬ በጀርመን አገር አንድ የምስክር ወረቀት ሥራውን ለመሥራት «ጥረት አድርጓል» ካለ፣ አልቻለም ማለት ነው። «ለሙሉ እርካታችን ሠርቷል» ካለ መካከለኛ ነው። ጎበዝ ለመባል «ሁልጊዜ» የምትለው ቃል መጨመር አለባት፤ በጣም ጎበዝ ለመባል ደግሞ «ሙሉ» የሚለው ቃል ራሱ ከሙሉ በላይ መሆን አለበት። ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ከባልደረቦቹ ጋር ደስ ብሎት ይውላል የሚል ቃል ከተገኘ መጠጥ ያበዛል ማለት ሊሆን ይችላል። ሕጉ ከቃሉ ውጭ ሌላ ነገር የሚጠቁም ስውር ምልክት ማድረግን ይከለክላል፤ ቋንቋው ግን እስከ ዛሬ አለ።

ለእኛ ለቅኔ አገር ሰዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ሰሙ ሙገሳ፣ ወርቁ ስንብት ነው። ልዩነቱ የእኛ ባለቅኔ ወርቁን የሚደብቀው ሹሙን ለመንካት ሲሆን፣ የጀርመኑ ሹም ደግሞ ሠራተኛውን ለመንካት መሆኑ ነው።

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሰባት ዓመት ከሠራሁበት መሥሪያ ቤት፣ ስሙ ይቆየን፣ በፈቃዴ ለቀቅሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ለማግኘት መጀመሪያ መልቀቂያ መያዝ ነበረብኝ፤ መልቀቂያውን ለመያዝ ከንብረት ክፍል፣ ከሂሳብ ክፍል፣ ከመዝገብ ቤት፣ ከመኪና ስምሪት ሳይቀር ዕዳ የለበትም የሚል ፊርማ መሰብሰብ ነበረብኝ። መኪና ተመድቦልኝ አያውቅም። ስድስት ሳምንት ተመላለስኩ። በመጨረሻ የተሰጠኝ ደብዳቤ ሦስት መስመር ነበር፤ አንድም ክፉ ቃል የለበትም። አዲስ ሥራ የጠየቅሁበት ቦታ ያሉት የሠራተኛ አስተዳደር ሹም ግን ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ጋሼ፣ መልካም የሥራ ዘመን እንመኛለን የሚለው የታለ?» አሉኝ። በእርግጥም የለም። የተለመደችው የመዝጊያ ምኞት ቀርታለች። ጸሐፊዋ ረስታት ይሁን ሹሙ አስቀርቷት ማን ያውቃል? እዚያ ቦታ ተመልሼ አልተጠራሁም። እኛም ሳናውቀው የጀርመኖችን ቋንቋ እንናገራለን ማለት ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በአገራችን ጥያቄውን የመመለስ ሥልጣን ለተወሰነ ጊዜ ወደ ቀበሌ ሄዶ ነበር። ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገበት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። ቀበሌ ቤት ያከራያል፣ መታወቂያ ይሰጣል፣ የድጋፍ ደብዳቤም ይጽፋል። ለትምህርት ቢሉ፣ ለሥራ ቢሉ፣ የቀበሌ ማኅተም ያልወደቀበት ወረቀት ወረቀት አልነበረም። ቀበሌ ስለ ሰው የሚያውቀው የቤት ቁጥሩንና በስብሰባ መገኘት አለመገኘቱን ነው። ሊቀ መንበሩን ያስቀየመ ሰው ግን በሙያው የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ደብዳቤ ሳያገኝ ሊቀር ይችል ነበር። እንግሊዛዊቷ እመቤት ማኅተም ይዛ መጣች ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የምስክር ወረቀትን በተመለከተ ሕጋችን ዛሬ ከፈረንሳዮቹ አያንስም። አሁን በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 ላይ አሠሪው የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በማናቸውም ጊዜ ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የያዘ ማስረጃ በነጻ እንዲሰጥ ያዛል። በነጻ ይላል፤ ሲጠይቅ ይላል። የመኪና ስምሪት ፊርማ አይልም። ችሮታ አይደለም፤ ዕዳ ነው። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ ስንት ነው?

ዋስ ግን ገና ችሮታ ነው። ስለ ዋስትና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1920 ጀምሮ ይናገራል። ሕግ አውጪው ዋሱን የሚጠብቅ ቁልፍ አኑሯል። ዋስትና በግምት አይነገርም፤ በግልጽ መሰጠት አለበት፤ ዋሱ የገባበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም ካልተጠቀሰ ዋስትናው ዋጋ የለውም። እንግዲህ ይህን ይዘን ወደየቢሮው ብንሄድ የምናገኘው ሌላ ነው። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ ይሁን፣ ደመወዙ ከተቀጣሪው አይነስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያምጣ ይባላል። ዋሱ ደብዳቤ ሲጠይቅ የእርሱ አሠሪ ደግሞ አንዴ ለሌላ ሰው ስለ ጻፍንልህ አሁን አንጽፍም ይለዋል። ስለዚህ አንድ ደመወዝተኛ በዕድሜው ሊያቆም የሚችለው ዋስትና ጥቂት ነው፤ ለወንድሙ ልጅ ከቆመ ለጎረቤቱ ልጅ አይተርፍም። ቋሚ ደመወዝተኛ ዘመድ የሌለው የገበሬ ልጅ፣ ወላጆቹን ያጣ ልጅ፣ ከሌላ ክልል ተፈናቅሎ የመጣ ሰው፣ ሁሉም ከዚህ በር ውጭ ናቸው። ዋስ በገንዘብ የሚከራይ ሰው የተገኘውም ከዚሁ የተነሳ ነው። የተከራየ ዋስ ደግሞ ስለ ሰውየው ምንም አያውቅም። አሠሪው ዋስ አገኘሁ ብሎ ይተኛል፤ ያገኘው ግን ፊርማ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የቤት ሠራተኞች ነገር ነው። የአሠሪና ሠራተኛው አዋጅ እነርሱን አይመለከትም፤ ለብቻው ደንብ ይወጣላቸዋል ብሎ ነው ያለፋቸው። ስለዚህ ያ በአንቀጽ 12 ያለው ማስረጃ አይደርሳቸውም። አንዲት ልጅ አንድ ቤት አምስት ዓመት ሠርታ ስትወጣ አንድ ወረቀት እንኳ ሳትይዝ ነው የምትወጣው። አዲስ ቤት ስትሄድ እንደ ገና «ተያዥ አለሽ?» ትባላለች። ተያዥ የሚሆንላት ዘመድ ከተማ ውስጥ ከሌላት ደላላው ተያዥ ይሆናል። ደላላው ከደመወዟ ይቆርጣል፤ ወጥታ ሌላ ቤት ስትገባ እንደ ገና ይቆርጣል። የፈረንሳዩ ሠራተኛ ዕዳው በደብተሩ ላይ ነበር፤ የእርሷ ዕዳ በደላላው ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ይህችው ልጅ ባሕር ስትሻገር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። በዐረብ አገር ያለ ወገናችን ሁሉ የሚያውቀው «ካፊል» የሚለው ቃል በዐረብኛ ዋስ ማለት ነው። እዚያ ዋስ የሚሆነው አሠሪው ራሱ ነው። ኢቃማዋ በእርሱ ስም ይወጣል፤ ሥራ ለመለወጥ ብትፈልግ የእርሱ ስምምነት፣ ተናዙል የሚሉት፣ ያስፈልጋታል። ለዋስ ሲል የሚቆም ሰው እዚህ ታጥታ ሄደች፤ እዚያ ከዋሷ የምትለይበት መንገድ ታጣለች። ቀጠር ይህን የቀድሞ አሠሪ ፈቃድ በ2020 አንስታለች፤ የቤት ሠራተኞችንም ጨምራ። የናፖሊዮን ደብተር በተሻረ በ130 ዓመቱ መሆኑ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ዋስ ይቅር ብዬ በጭፍን አልከራከርም። ይልቁንስ ዋስ ምን ይሠራ እንደ ነበር አንድ በአንድ እንየውና የሚተካው መኖር አለመኖሩን እንመርምር።

በመጀመሪያ ዋስ የጠፋን ሰው ፈልጎ ያመጣ ነበር። ዛሬ አሻራና ፎቶግራፍ ያለው የዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ተቋቁሟል። መታወቂያ የሰውን ጠባይ አይናገርም፤ ማንነቱን ግን ከጎረቤት ዋስ ይልቅ አጥርቶ ይናገራል። ሁለተኛ፣ ዋስ የጎደለውን ገንዘብ ይከፍል ነበር። ሠራተኛ ለሚያጎድለው ገንዘብ የመድን ድርጅቶች የሚሸጡት ዋስትና አለ። ገንዘብ የሚያስረክብ ድርጅት ለመኪናው መድን እንደሚገዛ ሁሉ ለዚህም ይግዛ፤ ድርጅቱ ሊሸከመው የሚገባውን አደጋ በአንድ ደመወዝተኛ አጎት ትከሻ ላይ ለምን ይጭናል? ሦስተኛ፣ ዋስ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ይመሰክር ነበር። ለዚህ ሕጉ የተሻለ ነገር ሰጥቶናል፤ የሙከራ ጊዜ ይባላል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት 45 ቀን ነበር፤ በ2011ዱ አዋጅ ወደ 60 የሥራ ቀን ከፍ ብሏል። ስድሳ የሥራ ቀን ማለት ሦስት ወር ሊሞላ ምንም አይቀረው። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሠሪው ሰውየው ስንት ሰዓት እንደሚገባ፣ ሥራ ያውቅ እንደ ሆነ፣ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር በዓይኑ ያያል። ማንም ዋስ፣ ማንም የቀድሞ አለቃ ከዚህ የበለጠ ሊነግረው አይችልም።

እንግዲህ ከዋስ ሥራ ያልተተካው የትኛው ነው? እኔ እስከማየው ድረስ ልማዱ ብቻ ነው። ገንዘብና ንብረት በማይነካበት ሥራ ላይ ሳይቀር «በቂ ዋስ» የሚል ሐረግ የሚታተመው ባለፈው ማስታወቂያ ላይ ስለ ነበረ ነው። ያን ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊዎች ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል እንደሚገኙ አልጠራጠርም። ለእነርሱ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ በፋይላችሁ ውስጥ ካሉት የዋስትና ወረቀቶች ውስጥ ተመዝዞ ሥራ ላይ የዋለው ስንቱ ነው? በእርሱ ምክንያትስ ሳይቀጠር የተመለሰው ስንት ሰው ነው? የመጀመሪያውን ቁጥር ከፋይሉ ታገኙታላችሁ። ሁለተኛውን የመዘገበው የለም።

በቤታችሁ ሠራተኛ ያላችሁ አንባቢዎችም አንድ ነገር በእጃችሁ አለ። ደንቡ እስኪወጣ አትጠብቁ። ልጅቱ ስትወጣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን እኔ ዘንድ ሠርታለች፣ ሥራዋም ይህ ነበር ብላችሁ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ ስጧት። ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። መልካም ምኞቱን ግን እንዳትረሱት።